የዓለሙ ጌም ቤት ደጃፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። በየዓመቱ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን ዘርግፌ ይችን አስቀራለሁ፤ ምክንያቱም ኃጢአቴ በእሳቸው በራሳቸው አፍ የተነገረ ነው። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። እዘኑልኝ ብዬ ግን አይደለም።

ደብረ ኤልያስ ቅኔ ስቆጥር ከርሜ፣ ትምህርቱን ጥዬ ደብረ ማርቆስ ስገባ ማደሪያ የሰጠኝ ዓለሙ ነው። ጌም ቤት ነበረው፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ከመጋረጃው ጀርባ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ቤቱ አንድ በር ብቻ ስለነበረው ደንበኛውም ዘመዱም በእሷው ይገባል። ሥራ አስተማረኝ። የተሰበረ ጆይስቲክ ፈትቶ በካውያ መበየድን፣ ልጆች ሲጣሉ ሳይቆጡ መገላገልን፣ ሁሉንም ከእሱ ነው ያገኘሁት። «መሪጌታ» እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ርካሽ ስልክ በከተማው ሲበዛ ከእሱ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ ሱቅ ከፈትኩ። ሚሞሪ ላይ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም እጭናለሁ። ብዙም ሳልቆይ ጌም መጫን ጀመርኩ። ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ስልክ ላይ የተጫነ ጌም ወረፋ የለው፣ «ተነሥ፣ ተራህ አለቀ» የሚል የለው፣ ባለቤቱ ከሄደበት አብሮት ይሄዳል። የዓለሙ ቤት በዚህ ነገር እንደሚያልቅለት እኔ ከሁሉ ቀድሜ አውቄያለሁ።

ልጆቹ ግን አልመጡም። «በስልክ ሲያሸንፉ በማን ይሳቃል?» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው። እዚያ ማዶ አግዳሚው ሞልቶ ጩኸቱ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል፤ እኔ ዝንብ እሽ እላለሁ። ቀናሁ። ምን አደከመኝ? ቀናሁ ማለት ይበቃል። ትንሽ ብታገሥ ጊዜ ራሱ ያመጣልኝ ነበር። አልታገሥኩም።

መምሬ ይኄይስ የእኔም የዓለሙም ንስሐ አባት ናቸው። አንድ ቀን ልጆች ከሰንበት ትምህርት እየቀሩ ነው ብለው ሲያዝኑ አገኘኋቸው። «እናቶቹ ለእርስዎ ንገርልን ብለውኛል፤ ጌም ቤቱን ይገዝቱልን ይላሉ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። አንዲት እናት እንኳ እንዲህ አላለችኝም። ደግ ሰው ናቸው፣ አመኑኝ።

«እንዴት ብዬ ልገዝት?» አሉኝ።

ቃሉን እኔ አቀበልኳቸው። «ጌም የተጫወተ» አላልኩም፣ ልብ በሉ! «ከጌም ቤት ደጃፍ የደረሰ» አልኩ። የተማርኩት ትምህርት ለዚህ ዋለ። አንዲት ቃል መርጬ የእሱን በር ዘጋሁ፣ የእኔን ከፈትኩ። ይባስ ብሎ ኮራሁባት። ወደ ቤቴ ስሄድ ለራሴ ደጋግሜ እላት ነበር፤ አይ እኔ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቃሏን እንዳለች ተናገሯት። በማግስቱ ልጆች ሱቄን ሞሉት። «ጋሼ፣ ግዝቱ ስልክንም ይጨምራል?» ሲሉኝ፣ «ስልክ ደጃፍ አለው እንዴ?» አልኳቸው። ሳቅን። ማዶ ዓለሙ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ሲያየኝ እጁን አነሣልኝ፤ እኔም አነሣሁለት።

ቃሏ ግን እኔ ካሰብኩት አልፋ ሄደች። ወር ሳይሞላ የዓለሙ እናት አረፉ። መምሬ ያኔ ለሱባኤ ገዳም ገብተዋል። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ደጃፍ ተብሏላ! ግዝቱ ልጆችን ነው ያለ ነበር፤ «እኛስ ምን አውቀን?» ያለውም ብዙ ነው። የግዝት ነገር አያጫውትም። ድንኳኑን ከመንገዱ ወዲህ፣ ከእኔ ሱቅ ፊት ተከሉት። እኚያ ሴትዮ ስንቱን ጎረቤት አስታመዋል፣ የስንቱን ልጅ አዝለዋል፤ አስከሬናቸው ውስጥ ከልጃቸው ጋር ብቻውን ቀረ።

እኔ ወንበር አቀብል ነበር። አንድ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። «ግዝቱ ለጨዋታ ነው፣ ለቅሶን አይመለከትም፤ ግቡ» ብል ይገቡ ነበር። ግን «አንተ በምን አወቅህ?» ቢሉኝስ? ይችን ፈርቼ ዝም አልኩ። ቃሏን ያቀበልኩት በቅናት ነው፤ ቅናት የማያውቅ ሰው የለምና ምናልባት ትረዱኝ ይሆናል። ይህን ዝምታ ግን ምን እለዋለሁ? ስም አጥቼለታለሁ።

ከዚያ ብድግ ብዬ ገባሁ። ብቻዬን። ሰው ሁሉ እያየኝ ደጃፉን ተሻግሬ ገባሁ። ምን ያስፈራኛል፣ የቃሏን ልክ የማውቀው እኔው! ዓለሙ ተነሥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ግዝት ሰብረህ መጣህልኝ? ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ዝም ብዬ ታቀፍኩ።

አርባዋን አውጥቶ ቴሌቪዥኖቹን ሸጠና ይጁቤ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ። ዛሬም እዚያ ሬዲዮና የሶላር መብራት ይጠግናል። መምሬ ከገዳም ሲመለሱ ስለ ለቅሶው ደፍሮ የነገራቸው የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግዝቱ ባልደረሰበት ሰፈር የነበሩት ሌሎቹ ጌም ቤቶችም ባዶ ቀሩ፤ አንዱ ፀጉር ቤት ሆነ፣ አንዱ ጁስ ቤት። ይህን ለዓመታት መጽናኛ አደረግሁት። «ያው ስልክ ይዘጋው ነበር» እያልኩ ተኛሁ። የእነዚያ ቤቶች ባለቤቶች ግን ከነስማቸው ነው የዘጉት። እነሱ ቤት ለቅሶ ቢሆን ሰው ይገባል። ስልክ የማንንም እናት ለቅሶ አላስቀረም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ዓለሙ ደወለልኝ። «መሪጌታ፣ ወንድ ልጅ ተወለደልን! በአርባ ቀኑ ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ? ያን ቀን ደጄን የረገጥህልኝ አንተ ብቻ ነህ።»

እሺ አልኩት። አፌ «እሺ» አለ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ።

ዛሬ መምሬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም እናዘዛለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ይጁቤ ነኝ። ለዓለሙ፣ ያችን ቃል ለመምሬ ያቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ቀን የገባሁትም ደፍሬ እንዳልነበር እነግረዋለሁ። ስልክ ነው፣ ጊዜ ነው አልልም። ይቅር በለኝም አልለውም፤ እሱ ቶሎ ይቅር የሚል ሰው ነው፣ በደግነቱ ልጠቀም አልሻም። ልጁን ለማን እንደሚያሳቅፍ ግን አውቆ ይወስን።