ወለላ የሰገደች ዕለት

የሰውን አጥንት በጅማት አስሮ ያቆመ፣ የቆመውንም በፈቀደ ጊዜ የሚያንበረክክ እግዚአብሔር በሰማይም በምድርም ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ከብቸና ወጥቼ ብሬመን በምትባል የጀርመን ከተማ ስለ መኖሬ፣ ይልቁንም ስለ መጨረሻ ልጄ ስለ ወለላ፣ አገር ቤት ላላችሁትም በስደት ላላችሁትም ይህን እጽፋለሁ።

ልነሣ ባልሁበት ምሽት ቤቴ በተሰናባች ተሞላ። ባለቤቴ አትጠገብ ሽሮውንና በርበሬውን በጨርቅ እየቋጠረች ሻንጣዬ ውስጥ ትከታለች። ጎረቤታችን ደግሞ ይጠይቀኛል።

«መሪጌታ፣ ከደጀን ወዲያ የማያውቁ ሰው በዚህ ዕድሜዎ ኳስ ሊያዩ ነው ባሕር የሚሻገሩት?»

«ኳስ ለማየት አይደለም፤ ጉልበት ላስታምም ነው» አልሁት። እውነቱም ይኸው ነበር።

ወለላ ትምህርቷን የተማረችው ሞጣ፣ በእናቷ እናት ቤት ሆና ነው። ገና በልጅነቷ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብላ ታልፈው ነበር። ከወላይታ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር የበርሜል ቀለበት ግንድ ላይ ቸንክሮ ቅርጫት ኳስ አስተማራት። እዚያው ሞጣ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፤ ወጌሻ አሽቶ አዳናት። አዲስ አበባ ክለብ ስትገባ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ ዓመት ከርማ ተነሣች። ከተነሣች በኋላ ሲያዩአት ጀርመኖች ወደዷትና ለክለባቸው ወሰዷት፤ በመጀመሪያው ክረምት ያው ጉልበት ዳግመኛ ከዳት። ሐኪሞች ከገዛ ጭኗ ጅማት ቆርጠው ተከሉላት። እናቷ ሞጣ አልጋ የያዘች አሮጊት እናቷን ስለምትጦር፣ ለማስታመም የተጠራሁት እኔ ነኝ።

በኤምባሲው መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አቋቋም አስተምራለሁ።»

አስተርጓሚው በማኅሌት ከመቋሚያና ከጸናጽል ጋር የሚቆመውን ዜማ የት ያውቃል፤ ተቸገረና «መቆም ያስተምራሉ» ብሎ ነገረው።

«መቆምም ይማሩታል?»

«ከእኛ ዘንድ ዓመታት ይፈጃል። እኔም ገና አልጨረስሁም።»

ሰውየው ወረቀቴን አገላበጠ። ይህን የመሰለ ሥራ ያለው ሰው የጀርመኖችን ሥራ ቀምቶ አይቀርም ብሎ ይሁን አላውቅም፣ ፈቀደልኝ።

የአገሬ የጮቄ ተራራ ብርድ ፊት ለፊት መጥቶ ይነክሳል፤ የብሬመን ብርድ ግን እንደ ሌባ በእጅጌ ሾልኮ ይገባል። ዝናቡም አይዘንብም አያባራም፤ ያንጠባጥባል። ሰዉ በመንገድ ሰላምታ አይለዋወጥም፤ መኪና በሌለበት መንገድ ግን ቀዩ መብራት እስኪለወጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይህን አይቼ እንዲህ ያለ መታዘዝ ለገዳም በሆነ ብዬ ተደነቅሁ። በጾሙ ስልጆ ሲያምረኝ ወለላ «ዜንፍ» የሚሉትን የጀርመን ሰናፍጭ በቱቦ ገዝታ መጣች፤ ከባቄላ ዱቄት ጋር አዋሕጄ አቡክቼው ተስማማ፤ ግን እንደ አትጠገብ ስልጆ እንባ አያመጣም።

ከበታቻችን የምትኖረው የቤቱ ባለቤት አንድ ማለዳ በር አንኳኳች።

«ጎሕ ሳይቀድ ወለሉን የሚደበድብ ማነው? ልጅቷ ኳስ እያነጠረች ነው?»

ወለላ መቋሚያዬን አሳየቻት። «አባቴ ናቸው፤ ዳዊት ሲደግሙ ነው።»

«ዳዊት ደግሞ ማነው? ውላችን ለሁለት ሰው ነው! ሦስተኛ ተከራይ አላውቅም!»

ከዚያ ወዲህ መቋሚያዬን ከሥሩ ካልሲ አለበስሁት።

ጉልበቷ ሲጸና ወደ ልምምድ አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። ወለሉ እንደ ጸጥተኛ ውኃ ያበራል። ወለላ ኳሷን አነጠረች፣ ዝቅ አለች፣ ቀና ስትል ኳሷ ከጣቷ ጫፍ ተለቀቀች፤ መረቡን ብቻ ነክታ ወረደች። እኔ ግን ኳሷን አልተከተልሁም፤ እግሯን ነበር የማየው። ክብደቷን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛወረችበት ያ አፍታ፣ ዝማሜ፣ መቋሚያ ይዞ በዜማ መወዛወዙን፣ ሳስተምር ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። ማን አስተማራት? ሴት ልጅ ቅኔ ማኅሌት አትገባ! ልጄ በየበዓሉ ከሞጣ ስትመጣ ከደጅ ቆማ ታየኝ ኖሯል። አቤቱ ጌታዬ፣ ሥራህ እንዴት ግሩም ነው አልሁ።

አሠልጣኟ፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ብርቱ ሴት፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የወለላ ጉልበት እስከ በጋው መጨረሻ ከጸና ውሏ እንደሚታደስ፣ ካልጸና ግን እንደሚያከትም ነገረችን።

ስቅለት ደረሰ። ጀርመኖቹ ትንሣኤን ቀድመውን አክብረው ሥራ ገብተዋል። የእኛ ምእመናን በኪራይ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች ከመጋረጃው ማዶ።

«ለታመመ ሰው ስግደት አልታዘዘም» አልኋት ስንገባ። «ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በልብሽ ስገጂ።»

«እሺ አባባ።»

ማታ ስትወጣ እያነከሰች ነበር። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል፤ ነገር ግን ያበራል። ጉልበቷ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል።

«ሰገድሽ?»

«ሰገድሁ።»

«ወንበሩስ?»

«ለነፍሰ ጡር ለቀቅሁላት። ከዚያማ ኪርያላይሶን ሲባል ጉልበቴ ሳይጠይቀኝ ሄደ።»

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጉልበቷን ዳብሶ፣ በመሣሪያውም አይቶ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። ሰገድሁ» ብላ በእጇ አሳየችው።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

ራሱን ያዘ። ወደ እኔም ዞሮ «እርስዎ አባቷ አይደሉም? አላስቆሟትም?» አለ።

«ከአባቷ በላይ የምትሰማው አላት በይልኝ» አልኋት ወለላን።

«አባባ፣ ይህንን አልተረጉምለትም።»

እርሱ ግን የገባው ይመስል ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ይህን ተረጎመችልኝ። «እኔ አምላክ የለኝም። ካለ ግን ለዚህ ጅማት አስቀድሞ መንገር ነበረበት።» ቀጥሎ ሳይቀልድ እንዲህ አለ፤ «ትራመጃለሽ፤ ደረጃም ትወጫለሽ። መዝለል ግን ከእንግዲህ የለም።»

የውጭ አገር ሰዎች መሥሪያ ቤት የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «ለስፖርት ነው የገባሽው። ስፖርቱ ከሌለ እኔ ምን ልበልሽ?» ትምህርት ወይም ሥራ እንድትፈልግ አጭር ጊዜ ሰጠቻት።

ወለላ ወጥ ቤት ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ፣ በረዶ ደግፋበት ተቀምጣለች።

«አባባ፣ ምነው አይቆጡኝም?»

«ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ተጸጽተሻል?»

በረዶውን አዛውራ መለሰች። «ስለ ኳሱ አልቅሼ አልጠግብ አልሁ። ስለ ስግደቱ ላለቅስ ብል ግን እንባዬ እምቢ አለኝ።»

ለዚህ የሚሆን ትርጓሜ ከመምህሮቼ አልተማርሁም። እኔ ሰሙነ ሕማማትን ከነዜማው አውቀዋለሁ፤ እሰግዳለሁም። በስግደቴ ማግሥት ያጣሁት ነገር ግን የለም። ይህች ልጅ ያላትን ሁሉ ይዛ ወደ ምድር ዝቅ ብላ፣ ባዶ እጇን ተነሣች። ስሕተት ነው? መሥዋዕት ነው? እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ፊቷን ማየት ፈርቼ ለእግሯ ሌላ በረዶ አመጣሁ።

በዳግም ትንሣኤ አትጠገብ ከሞጣ ደወለች።

«መሪጌታ፣ ደኅና ነዎት? ጉልበቷስ? ጎረቤቱ ሁሉ መቼ ነው የምትጫወተው እያለ አላስቀምጥ አለኝ።»

ወለላ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም።»

ከዚያ የአትጠገብ ድምፅ ቀጥኖ መጣ፤ ሐዘን ይሁን ደስታ መለየት አቃተኝ።

«ታዲያ ልትመጭልኝ ነው?»

ወለላ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ ያ የማያባራ ዝናብ ያንጠባጥባል።

«ሄሎ? ወለላ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም፣ እማዬ» አለች። መምጣቷን ወይም መቅረቷን ገና ስላልቆረጠች፣ ጸሐፊዋ የሰጠቻትን ቀን በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የሄደው ልጃችሁ ድምፁ አይጥፋባችሁ፤ የቀረው ጉልበቱ ይጽናላችሁ። ጌታ ከደጃችሁ ሰላምን፣ ከማዕዳችሁ በረከትን አያጉድል፤ ቤተሰባችሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ያሳያችሁ፤ አሜን።