አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የወለደችው ላም

የምጽፈው ሐሳብ ሲጠፋኝ «ቁጭ ብለሽ አስቢ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ቁጭ እል ነበር። አባቴ ጂንካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ አስቤ አስቤ የማገኘው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው፦ ሆዱ ላይ ትራስ ያሰረ ባላባት። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ወደ ከተማችን ብቅ ያለ የኪነት ቡድን ሁሉ እሱን ይዞ ነበር የሚመጣው። ጭቁኑን ገበሬ ይገርፋል፣ ገበሬው ይነሳበታል፣ ትራሱ ይወልቃል፣ መዝሙር ይዘመራል። ሐሳብ ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም አንድ ጀማሪ «ሐሳብ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ፊቴ ላይ የሚደቀነው ያ ትራስ ነው፤ ያበሽቀኛል።

ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ቀበሌው ለአውራጃው የኪነት ቡድን መለመለኝ። መጽሐፍ ትወዳለች ተብሎ ድርሰት ክፍል ተመደብኩ፤ ድርሰት ክፍል ማለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያቀረብኩት ሁሉ ይወድቃል። በመጨረሻ የቡድኑ ሊቀመንበር ጠራኝና፣ ከዚህ በኋላ መድረክ የሚመጥን ነገር ካላመጣሁ ከመዘምራኑ ጋር እንደምሰለፍ ነገረኝ። ድምፄ ቅባት አይቶ የማያውቅ የበር ማጠፊያ ነው፤ ባንዲራ ከመያዝ ሌላ ሥራ እንደማይኖረኝ ሁለታችንም ገብቶናል። የምፈልገው ብዙ አልነበረም። ከራሴ ጭንቅላት የወጣ አንድ ነገር መድረክ ላይ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሱን ካላየሁ፣ መጻፍ የእኔ ነገር አይደለም ብዬ ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። ሐሳብ ያለው ይነሳና ይናገራል፤ ወዲያው ሂስ ይወርድበታል፤ ከዚያ ራሱ ተናጋሪው ግለ ሂስ አድርጎ ይቀመጣል። ለሰው ጥፋት የተበጀውን ሥርዓት ነበር ሐሳብ ላይ ያዋልነው። አንዴ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የውኃ ቧንቧ ይጣላሉ ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ አንዱ የትኛው ወገን የሠርቶ አደሩ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሌላው ጭቁኖች እርስ በርስ እንደማይጣሉ አስረዳኝ። እኔም ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ እንደተጠናወተኝ አምኜ ቁጭ አልኩ። ቧንቧው ደግሞ ያለው እኛው ደጃፍ ነበር፤ ጭቁኖቹ በየቀኑ ፀጉር ሲጓተቱበት አያለሁ።

በቆሎ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ቡቃያውን ከአረሙ መለየት ያስቸግራል፤ ገበሬ ትንሽ ይታገሣል። እኛ ግን ብቅ ያለውን ሁሉ እየነቀልን ማሳው ንጹሕ ሆነ። እያደር ሁላችንም ማንም የማይነካውን ሐሳብ ይዞ መምጣት ለመድን። ማንም የማይነካው ደግሞ ባለ ትራሱ ሰውዬ ነው። ሰልችቶኝ እሱኑ ጽፌ አቀረብኩ። ያለ አንዳች ሂስ አለፈና፣ ለሙከራ በገበያ ቀን የበና ሰዎች በሚገበያዩባት በካኮ ከተማ እንዲታይ ተወሰነ።

ተውኔቱ በአማርኛ ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ታሪኩን እኔ እንድናገርና አስተርጓሚ ወደ በና ቋንቋ እንዲመልሰው ተደረገ። አስተርጓሚው የካኮ ሰው ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል፣ ከእጁ የበቆሎ እሸት አይጠፋም። መድረክ ባደረግነው ጭነት መኪናችን ላይ ቆሜ አፌ እስኪደርቅ ተናገርኩ፤ የባላባቱን ግፍ፣ የገበሬውን እንባ፣ የንቃቱን ጎሕ አንድም ሳላስቀር። ስጨርስ ወደ እሱ ዞርኩ። አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ፣ አንድ አጭር ነገር ተናገረና ወደ እሸቱ ተመለሰ። ሰዎቹ ተያዩ። ጥቂቶቹ ወደ ፍየሎቻቸው ተመለሱ።

«ለምንድን ነው ያሳጠርከው?» አልኩት።

«ክፉ ሰው ነበረ፣ ተነሱበት፣ ሄደ» አለኝ። «ሌላ ምን አለው?»

ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። ተውኔቱ ሲታይ ሰው የሳቀው ትራሱ ያለ ሰዓቱ ሲወርድ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩም ሕዝቡ ያልተነቃቃው በድርሰቱ ድክመት እንደሆነ፣ የቀረኝም አንድ ዕድል ብቻ እንደሆነ እዚያው ነገረኝ። እሱ ራሱ ያሳለፈው ድርሰት መሆኑን ባስታውሰው ምን እንደሚል አውቅ ስለነበር አላስታወስኩትም።

ልንመለስ ስንል መኪናው አልነሳም አለ። ሾፌሩ ሞተሩ ውስጥ ገባ፤ ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቆሞ ስለማያውቀው ሞተር መመሪያ ይሰጣል። እኔ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በንዴት እቃጠላለሁ። አስተርጓሚው እሸቱን ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንደ ወጉም ጂንካ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ላናግረው አልፈለግኩም። ግን ወሬ የጠየቀን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኩት።

የነገርኩት የጎረቤታችንን ላም ነው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል ያለው ሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የከብቱም የሰዉም ነው። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ያለቻቸውም ያች ላም ናት። ከክፍለ ሀገር ትልቅ ባለ ሥልጣን በሚመጣበት ጠዋት ላሟ ሜዳው መሐል ተኝታ ምጥ ያዛት። የማረፊያው ዘበኛ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ሌላው ከብት ሁሉ ሸሸ፣ እሷ አልተነሳችም። ባለቤቷ ሮጠው ደረሱና፣ ምጥ ላይ ያለችን ላም የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይግደል ብለው ፊት ለፊት ቆሙ። ባለ ሥልጣኑን ሊቀበል ዳር ላይ የተሰለፈው ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ከዘበኛው፣ ግማሹ ከሴትየዋ። ይኼኔ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ።

እዚህ ላይ አስተርጓሚው እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ሳላያቸው ከጀርባችን ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ወደ እነሱ ዞሮ መናገር ጀመረ፤ ማቆሚያም የለው። ተነስቶ ፊሽካ ይነፋል፣ ሣሩ ላይ ወድቆ ያምጣል፣ እጁን ዘርግቶ አውሮፕላን ይሆናል። እሸቱ መሬት ወድቆ ፍየል በላችው፤ አላያትም። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ላሟ መልኳ ምን ዓይነት ነው? የመጀመሪያዋ ነው ወይስ ወልዳ ታውቃለች? የሴትየዋ ወንድሞች የት ሄደው ነው? አንዱ፣ ዘበኛው የመንግሥትን እንጀራ እየበሉ ሌላ ምን ያድርጉ ሲል፣ ሌላው ዱላውን መሬት ላይ እየወጋ ተነሳበት። ቅቤ ሊሸጡ የመጡ አንዲት ባልቴት ደግሞ አውሮፕላኑ ሌላ ሜዳ እንደሌለው ሊያምኑኝ አልቻሉም፤ እንደዚያ የሚሮጥ ነገር እንዴት አንድ ቦታ ብቻ ያውቃል ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።

ልመልስ ስል መኪናው ተነሳ። ሊቀመንበሩ ጡሩንባ እያስነፋ በእጁ ይጠራኛል። ሮጬ ወጣሁ። አስተርጓሚው በመኪናው ጎን እየሮጠ «ወረደ? አውሮፕላኑ ወረደ?» ይለኛል። የመለስኩለት አቧራው ውስጥ ቀረ።

ስንፍና እንዳልነበረ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ያው ሰው፣ ያው ምላስ። ባላባቱን ያሳጠረው ቢያሳጥረው የሚጎድል ነገር ስላልነበረው ነው። የላሟን ነገር ግን ማሳጠር አልቻለም፤ ላሟን ቢተዋት ሴትየዋ የሚቆሙበት ያጣሉ፣ ሴትየዋን ቢተዋቸው ዘበኛው የሚጨነቁበት ያጣሉ። በራሴ ተናደድኩ። እኔ ሐሳብ ፍለጋ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ስናውዝ ያች ላም በየቀኑ በደጃችን ታልፍ ነበር። ሐሳብ ብዬ አልቆጠርኳትም፤ ወሬ ናት ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ላሜ ወለደች ብዬ ነው አዳራሽ የገባሁት። ተነስቼ ተረክኩ። ሊቀመንበሩ ጥቂት ካሰበ በኋላ ላሟ ማንን እንደምትወክል ጠየቀኝ። አልቀለደም። ማንንም አትወክልም፣ ላም ናት አልኩ። ከዚያ ሂሱ ቀጠለ። ባለ ሥልጣን የጫነ አውሮፕላን በከብት ምክንያት ሰማይ ላይ ሊንከራተት አይገባም ተባለ፤ ስለዚህ በሰዓቱ እንዲያርፍ ተወሰነ። በሰዓቱ ካረፈ ሴትየዋ ምን ይሠራሉ? ወጡ። ሴትየዋ ከወጡ ላሟን መድረክ ላይ ማን ይሆናል፣ ቆዳ ለብሶ የሚያምጥ ጓድስ የቡድኑን ክብር አይነካም ወይ? ላሟም ወጣች። የቀረው አንድ ንቁ ዘበኛ ነው፤ ፊሽካ ይነፋል፣ አውሮፕላን ያርፋል፣ መዝሙር ይዘመራል።

«ታዲያ የእኔ ምኑ ነው?» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ «ዋናው ሐሳብ ያንቺ ነው» አለኝ።

ግለ ሂስ አድርጊ ስባል እምቢ አልኩ። ድርሰቱ በቡድኑ ስም አለፈ፤ እኔ ወደ ባንዲራው ተዛወርኩ።

ዝናቡ ሲያበቃ ካኮ ተመለስን። የጂንካ ሰዎች የላሟን ነገር ይዘው ይመጣሉ የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ የተሰበሰበው ሰው ከቀድሞው ይበዛል። አስተርጓሚው መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። ዘበኛ የሆነው ጓድ ፊሽካ ነፋ። ክንፉ ካርቶን የሆነ አውሮፕላን በሁለት ሰው እግር መጥቶ አረፈ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ እኔም ባንዲራዬን ይዤ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። መዝሙሩ ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ገና የሚቀር ነገር አለ ብለው ይጠብቁ ነበር።

ያኔ ባለ ቅቤዋ ባልቴት ወደ መኪናው ተጠጉና በበትራቸው መድረኩን እያሳዩ ብዙ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ምን እንዳሉ ጠየቀ።

«‹ላሟስ?› ነው የሚሉት» አለ አስተርጓሚው።

«ይኼን ሁሉ ተናግረው?»

«የቀረው ስድብ ነው።»

ባንዲራውን አጠገቤ ላለው ልጅ ሰጠሁና ወረድኩ። ከዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሰዉም ዙሪያዬን ተቀመጠ። ካቆምኩበት ቀጠልኩ። አውሮፕላኑ መጥቶ ከተማውን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ጥጃው ሣሩ ላይ ዱብ እንዳለ ዘበኛው የመንግሥት ካፖርታቸውን አውልቀው ጠቀለሉት፤ ታቅፈውት ወደ ዳር ሮጡ። ላሟ ተነስታ ተከተለቻቸው፣ ሴትየዋ ላሟን ተከተሉ፣ አውሮፕላኑ አረፈ። ባለ ሥልጣኑ ምንም ሳያውቅ ተጨብጭቦለት አለፈ። በማግስቱ ዘበኛው የመንግሥት ንብረት በደም አበላሹ ተብለው ታሰሩ፤ ሴትየዋም እንገር በቅል ይዘው እስር ቤት ሄዱ።

አስተርጓሚው አንዲት ቃል አላሳጠረም። እንገሩ ላይ ሲደርስ ሰዉ ሳቀ፤ ስለ ካፖርቱ ክርክር ተነሳ። በዚህ መሐል መኪናው ጡሩንባ ነፋ፣ ደጋግሞ ነፋ፣ ከዚያ ሄደ። አልተነሳሁም። ባልቴቷ ብቻ አልሳቁም፤ ፊታቸውን አጨማድደው ያስቡ ነበር። በመጨረሻ የተናገሩትን አስተርጓሚው ቀስ አድርጎ መለሰልኝ።

«አዲስ የወለደች ላም ጥጃዋን የሚያነሳባትን ትወጋለች። እኚህን ሰውዬ ለምን አልወጋቻቸውም?»

ዓይኔ እያየ የሆነ ነገር ነው። ለስንት ሰው ተርኬዋለሁ፤ አዳራሽ ውስጥ አቁመው በሂስ ገንጥለውታል። ይህችን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አላውቅም አልኳቸው። እንግዲህ አልጨረሽውም አሉኝ።

ከወይጦ በኩል የመጣ መኪና ለምኜ ጂንካ ገባሁ። በሳምንቱ ዲሲፕሊን በመጣስ ከቡድኑ መባረሬ ተነገረኝ፤ ባንዲራውም ቀረ። አባቴ አንድ ያልተቋጨ ሱሪ እጄ ላይ አስቀመጠ። ሱሪውን ትቼ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ዘበኛው ተፈትተው ሥራቸው ላይ ነበሩ፣ ያለ ካፖርት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ላሟ ለምን አልወጋችዎትም?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰው እንዳይሰማ ይመስላል።

«ጨው አስልሳት ነበር» አሉኝ። «ሁልጊዜ፣ ከሜዳው ካባረርኳት በኋላ። ማባረሩ ሥራዬ ነው፤ ቂም እንዳትይዝብኝ ብዬ ነው።»

ተውኔቱ ያ ጨው ነበር። መጀመሪያውም፣ መጨረሻውም፣ ሴትየዋ እንኳ የማያውቁት ነገርም እዚያ ውስጥ አለ። ሜዳው ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስታ አልነበረም፣ እልህ ነበር። ቡድን የለኝም፣ መድረክ የለኝም። ይህን መልስ የሚፈልጉት አንዲት ባልቴት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ያሉት ካኮ ነው፤ እኔ ደግሞ የምሄድበት መኪና አልነበረኝም።