ጣውንቴና ፍሬኗ

ባሌ እኔን ከማግባቱ በፊት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። በሠርጋችን ሰሞን ጎረቤቶች «ጣውንትሽ ግቢ ቆማ ትጠብቅሻለች» እያሉ ሲያበሽቁኝ ስሟ በዚያው ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። እውነትም ጣውንት ናት። ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚሸፍነው እሷን ነው፤ የኔ ልብስ ገመድ ላይ ይበሰብሳል። አንድ ጊዜ ደሜ ፈልቶ «ከሁለታችን ምረጥ!» ብለው «እሷ አትጮህም እኮ» ብሎኝ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ምረጥ ብዬው አላውቅም።

ጣውንቴን ከባሌ እኩል አውቃታለሁ ብል አልዋሸሁም፤ በተለይ ፍሬኗን። የእሷ ፍሬን እንደ ዛሬ መኪኖች አይደለም። በየጎማዋ ውስጥ ታምቡር የሚሉት ክብ ብረት አለ፣ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በታምቡሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሸራ የለበሱ ሁለት ጎባጣ ብረቶች ተቀምጠዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ እነሱ ወደ ውጭ ተገፍተው ታምቡሩን ይይዙታል፣ ጎማው ይቆማል። ሸራው በተበላ ቁጥር ከታምቡሩ ይርቃል፤ እግርም ፔዳሉን ወደ ታች እየተከተለ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከጀርባ ያለችውን ቡሎን ጠምዝዞ እንደገና ማቀራረብ ነው። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጎማው ሥር ይተኛል፣ ሌላው ፔዳል ይረግጣል። በኛ ቤት ፔዳል ረጋጯ እኔ ነኝ። ልጅ አርግዤም ረግጫለሁ፣ ተኳርፈንም ረግጫለሁ።

መንገድ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ቁልቁለት እፈራለሁ። ከደዶ ወደ ቤታችን ወደ ጅማ ስንወርድ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። ባሌ በዓይኑ ጠርዝ ያየኝና «ሃዸ ኢጆሌ፣ እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም!» ይለኛል። የልጆቼ እናት ማለቱ ነው፤ ሲያቆላምጠኝ በኦሮምኛ ነው። ከዚያ እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ይስቃል። ያቺን ቀልድ በትዳራችን ዘመን ሁሉ አልጠገባትም፤ እኔም ወለሉን መርገጥ አልተውኩም።

ኋላ ስኳር ያዘውና እግሩ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ በር ላይ ተቀበልኩት፤ አንደኛው እግሩ ባዶ ነው። ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ኖሯል፣ እሱ አላወቀም። «የት ጣልከው?» ስለው ወደ እግሩ አጎንብሶ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አየው።

አሰንዳቦ የምትኖረው ልጃችን ይህን ስትሰማ ደወለች። «እማማ፣ አባባ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ። ቁልፉን ደብቂው» አለችኝ። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የገፋፋችኝም እሷ ናት፤ አውጥቻለሁም። ባሌ ግን የጣውንቴን መሪ አስነክቶኝ አያውቅም፤ «ጠባይዋን አታውቂውም» ይላል። ቁልፍ መደበቁንም እንቢ አልኩ። ዕድሜ ልኩን አንድ ሰው ሳይገጭ የኖረን ሰው እንደ ሕፃን ቁልፍ ልደብቅበት?

በቡና ለቀማው ማብቂያ ደዶ ካለችው እህቱ ዘንድ የኛን ድርሻ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ማምጣት ነበረብን። በዚያው ሰሞን ባሌ ማጉረምረም ጀመረ። «ፔዳሏ ራቀብኝ» ይላል፣ ከገበያ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ወጣ። «መጀመሪያ ፍሬኗን እናያለን። ከዚያ ደዶ ማን እንደሚነዳ ይታያል» አለ። ልጃችን የነገረችኝን ሰምቶ ኖሯል። እውነቱን ልናገር፣ ጥፋቱ የፍሬኗ እንዲሆን አላህን ለመንኩ።

ይህ ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ቢስሚላህ ብሎ ነው የሚጀምር። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፤ በክሪክ የኋላውን ቀኝ አነሳ፤ ክሪክ ስለማያምን ከሥሯ ወፍራም የግንድ ጉማጅ አስገባ። ጎማውን ፈትቶ ታምቡሩን በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ቀስ አድርጎ እየመታ አወጣው። የሸራውን ብናኝ እንደሌሎቹ እፍ አይለውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፣ «ይህ አቧራ ሳንባ ይበላል» እያለ። ከዚያ ጥፍሩን በታምቡሩ ውስጥ ዙሪያውን አስኬደ። እግሩ እንጂ ጣቱ አልደነዘዘም፤ በዓይን የማይታየውን ጭረት ያገኘዋል።

ሸራውን ወደ ብርሃን አዞረልኝ። ተበልቶ ተበልቶ የያዙት ምስማሮች ራስ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። እልል ማለት ቃጣኝ። «ይኸው! ያልኩሽስ?» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። የግራው ይሻል ነበር፤ ግን የአንድ ወገን ብቻ ከተቀየረ ስትቆም ወደ ጎን ትጎትታለች ብሎ የሁለቱንም ይዞ ገበያ ወጣ፣ አዲስ ሸራ አስመትቶ ከዙህር ሶላት በኋላ ተመለሰ። የፊቶቹንም ከፍቶ አያቸው፤ ደህና ነበሩ።

ገጥሞ ሲጨርስ የኔ ሥራ መጣ። እላይ ወጥቼ ፔዳሉ ላይ እግሬን አስቀመጥኩ። ከታች «ዺቢ!» ሲል እረግጣለሁ፣ «ገዺሲ!» ሲል እለቃለሁ። ቡሎኗን ጎማው አልዞር እስኪል ያጠብቃትና፣ ደግሞ ትንሽ መለስ ያደርጋታል። ጎማውን በእጁ ይገፋና ጆሮውን ይደቅናል። እንደገና «ዺቢ!»፤ ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ እንደገና ጆሮውን።

እኔ ትዕግሥት የለኝም። «ዞረ እኮ! ምን ቀረህ?» አልኩ።

«ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ከሥር። «ስሚው እስቲ። ሽ… ሽ… ይላል አይደል? ሸራው ታምቡሩን ሰላም ብሎት ይለፍ እንጂ እጁን ይዞ አያስቀረው። ጨርሶ ሰላም ካላለው ፍሬን የለሽም። እጁን ይዞ ካስቀረው ደግሞ ይግላል፣ ይቃጠላል።»

ሳቄ መጣ። እሱ ራሱ አንድ ሰው መንገድ ላይ ካገኘ «አካም ጅርታ፣ ፈያዻ» ብሎ የጀመረው ሰላምታ ከብቱን፣ ማሳውን፣ የአማቱን ወገብ ሁሉ ጠይቆ እስኪያልቅ የሰውየውን እጅ አይለቅም፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ከብረት ግን ልኩን ይጠብቃል። ጎማው አጠገብ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ አየሁትና፣ በዚህ ዕድሜዬ ማፈር ነው እንጂ፣ እንደ ልጃገረድ ወደድኩት።

ሲጨርስ እጁን ታጥቦ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በቦታዬ፣ አጠገቡ። ከግቢያችን በር ወደ አወቱ ወንዝ የሚወርድ መንገድ አለ። «ከወፍጮ ቤቱ በር ፊት ለፊት አቆማታለሁ» አለ። ወረድን። ወፍጮ ቤቱ ሲቀርብ ዓይኑን ከመንገዱ አነሳና ወደ እግሩ አየ። ፔዳሉ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ጣውንቴ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ወደ የትም አልጎተተችም፤ የቆመችው ግን ወፍጮ ቤቱን አልፋ ነው። ተመልሶ ወጣና እንደገና ወረደ። እንደገና ወደ እግሩ አየ፣ እንደገና አለፈ።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ። «ነይ እስቲ፣ አንቺ አቁሚያት» አለኝ።

ቦታ ተለዋወጥን። እግሬ ያንን ፔዳል ያውቀዋል፣ ስንት ዓመት ሙሉ ረግጦታል! ወደ ላይ መልሻት ወጣሁና ቁልቁል ወርጄ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አቆምኳት፤ እህል ልታስፈጭ የመጣች ሴት ቆማ አየችን።

«ፍሬኗ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ባሌ። ቀጥሎ «ፔዳሏ አይደለችም ለካ። የራቀኝ እግሬ ነው» አለ።

ከጎኔ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ከቤቱ ቁልፍ ለይቶ ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። እኔም አላስለቀቅኩትም።

በማግስቱ ደዶ ደርሰን ጀንፈሉን ጭነን ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። «በከባድ ማርሽ ያዣት፤ ፍሬኑን አታሙቂው» እያለ መከረኝ፤ እንዳለው አደረግኩ። ትልቁ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ከጎኔ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሩ ወለሉን በኃይል ረግጦታል፣ ነጠላ ጫማው ወልቆ ወድቋል። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ስለ ዘንድሮ ቡና ያወራል፤ እግሩ ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም።

ያቺ «እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም» የምትል ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ደረሰች። ተራዬ ነበር። ዋጥኳትና ፍሬኑን ትንሽ ቀደም ብዬ ረገጥኩለት።