አሜን እስኪባል

ባስ የሚባለው ዓሣ እንዴት ተጠራጣሪ መሰላችሁ! ከካልጋሪ ተነስቼ ቢሲ (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ) ሐይቅ ድረስ ነድቼ መንጠቆዬ ላይ ያለውን የላስቲክ ትል ጠዋቱን ሙሉ ባወዛውዝለት፣ ቀረብ ብሎ አይቶ ይመለሳል። አብረውኝ የመጡት የቸርቻችን የጸሎት እናት እትዬ አስናቀች ሳንድዊች አውጥተው፣ «በል ዐይንህን ጨፍን፣ እንጸልይ» አሉኝ። ዘንጌን እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ። ትሉም ውሃው ሥር ጸጥ ብሎ ተኛ።

የሳቸው ጸሎት መቼም ድንቅ ነው፤ ከሳንድዊቹ ተነስተው ፋልከንሪጅ የሚባለውን ሰፈራችንን ቤት ለቤት ያዳርሳሉ፤ የታመመ፣ የሥራ ሺፍት ያጣ፣ ማንንም አይረሱም። ገና ቀጣዩ ሰፈር ኮርነርስቶን ሳይደርሱ፣ ዓሣው ዝም ያለውን ትል ጎረሰና ክሩ ውጥር አለ!

ልጎትት? በሳቸው ጸሎት መሀል? አንድ ዐይኔን ገልጬ ሳይ፣ የሳቸው ሁለቱም ጭፍን ብለዋል። ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ልጅ ዓሣውን ጎትት በልልኝ፤ አሜን!» አሉ።