ከጀርባ ሲነካ

የቆቦ ሙቀት ሸሚዝ በሚያስጥልበት ቀትር እንኳ ሰውየው ያን ወፍራም ካፖርቱን አያወልቅም። ደመቀች የምትሠራበት ሻይ ቤት ሲገባ በርጩማውን ጎትቶ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ስሙን የሚያውቅ የለም። እሷም አልጠየቀችውም፤ ከቀይ ሽብር ወዲህ የሰው ስም መጠየቅ ያስፈራል።

አንድ የገበያ ቀን ግድግዳውን የማሽላ ነጋዴዎች ቀድመው ስለያዙት መሐል ላይ ተቀመጠ። ደመቀች የማታ ተማሪ ነበረችና ስለ ኢንዛይም የሚያወራው ገጽ አልገባ ብሏት ስትቸገር አያት።

«ሰውነታችን ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው በይው፤ የሚሠራው በአፉ» አላት በአስተማሪ ድምፅ። «ግን አፉን ሳይነኩ ይዘጉታል። ከጀርባው አንዲት ቅንጣት ስትለጠፍበት ቅርጹ ይለወጥና አፉ ግጥም ይላል።»

«እንደተዘጋ ይቀራል፣ ጋሼ?»

«የለም፤ ቅንጣቷ ስትለቀው ይከፈታል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አንዳንዱ ግን...»

ይሄኔ አንድ አብዮት ጠባቂ ለማለፍ ብሎ መዳፉን ጀርባው ላይ ጣል አደረገና «ጓድ፣ እስቲ ጠጋ በል» አለው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ መተላለፊያው ጠቦት ነው።

የሰውየው ጣቶች ተኮማተሩ፤ ሻዩ ካፖርቱ ላይ ፈሰሰ። አብዮት ጠባቂው አልፎ ከሄደ በኋላ ደመቀች ጨርቅ ይዛ መጣች።

«አንዳንዱ ግን ምን፣ ጋሼ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም።

ዛሬም ይመጣል። ሻይ የሚያዘው በጣቱ እያመለከተ ነው።