አርዴላ ሐዲዱ ጋ ስትቆም

አርዴላ ስፕሩልን ሳስብ የምትታየኝ ከቢጫው አውቶቡስ መሪ ኋላ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጣ ነው። ያ ብርድ ልብስ ባይኖር መንገዱም አይታያት ነበር። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት። በዚያ ዘመን በእኛ በሰሜን ካሮላይና ገጠር የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ትልቁ ሰው ትምባሆ ማሳ ላይ ነው፤ ማን ይንዳ? ማታ አውቶቡሱን ቤታቸው ወስደው ያሳድሩታል፤ ጠዋት ሕፃናቱን ከየደጁ እየለቀሙ ይመጣሉ። እኔም የትምህርት ቤቱ አብሳይ ስለነበርኩ አብሬያቸው ነበር የምሳፈረው።

መንገዱን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ጋ ስትደርስ ታቆማለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ "ጸጥ!" ትላለች። ባቡር እንዳለ ለመስማት ነው፤ ደንቡ ነበር። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የመጣ ሕፃን ትንፋሹን ይውጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ያለ ዝምታ ገጥሞኝ አያውቅም። አፍንጫው የማይደርቀው ትንሹ ኦቲስ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ዓይኑን ሲያፈጥ ዛሬም ይታየኛል።

አንድ ጠዋት ጉሙ ከሐዲዱ ዳር ያለውን ረግረግ ሞልቶት ነበር። አርዴላ አቆመች፤ ጸጥ አልን። ምንም የለም። ያኔ ጆሮዬ ደኅና ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። ከኋላችን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሮስኮ በጭነት መኪናው ደረሰና ጥሩምባውን አስጮኸው።

"ሂጂ እንጂ ልጄ! ባቡሩን ቁርስ ልትጋብዢው ነው?"

ልጆቹ ሳቁ። አርዴላ አልሄደችም። ደግሞ አስጮኸ። እግሯ ፍሬኑ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ወዲያው መሬቱ ተንቀጠቀጠና ባቡሩ ያንን ጉም ቀዶ በፊታችን አለፈ። ንፋሱ በተከፈተው በር ገብቶ ሻሼን ወሰደው። ኦቲስ እንኳ አላለቀሰም። ሁላችንም የምናየው የአርዴላን ትንሽ ጀርባ ነበር።

ያኔ "የነጂዎቹ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት ይሁን" የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዕድሜው ከፍ ካለ ደግሞ አርዴላ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳለት አውቶቡስ ሊወሰድባት ነው። ስለዚህ ወላጆች ለስብሰባ ሲጠሩ ሰፈራችን ሊሟገትላት ነቅሎ ወጣ። መጀመሪያ የተነሣው ጋሽ ሮስኮ ነው።

"እኔ ሽማግሌው ያልሰማሁትን ይቺ ልጅ ሰምታለች! ዐሥራ ስምንት ምን ያደርጋል? የኔው ጎረምሳ ሠላሳ ሞልቶት አጥሬን ሳይገጭ መኪና ማቆም አልቻለም!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አርዴላ ተነሣች።

"አልሰማሁም፣ ጋሽ ሮስኮ።"

"ምን አልሽ?"

"ባቡሩን አልሰማሁትም። ፈርቼ ነው። እግሬ እምቢ አለኝ። እርስዎ አንዴ ደግመው 'ሂጂ' ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር።"

"ለምን ብለሽ?"

"ታላቄ ነዎታ! ታላቅ 'ሂጂ' ሲለኝ 'አልሄድም' ማለትን ማን አስተማረኝ? እናቴን ያውቋት የለ?"

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"መሪ ማዞሩን በስምንት ዓመቴ ትራክተር ላይ ተምሬዋለሁ። ያስቸገረኝ መሪው አይደለም፤ ታላቅን 'አልሄድም' ማለቱ ነው። ዕድሜውን ከፍ አድርጉት።"

እናቷ ቀሚሷን ሳበቻት። "ተቀመጪ አንቺ! በገዛ አፍሽ ልታስወስጂው ነው?"

"አዎ፣ እማ።"

ይህን ያህል ዘመን ስኖር የሚወደውን ነገር እንዲህ ቆሞ የሚያስረክብ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ሮስኮ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀና ሳይል ቀረ።

ዕድሜው ከፍ አለ። አርዴላ ቁልፉን መለሰች፤ ብርድ ልብሷን በብብቷ ይዛ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲነዳ እኔ ጎን ትቀመጥ ነበር። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ቀኝ እግሯ የአውቶቡሱን ወለል ጥብቅ አድርጎ ይረግጣል። እሷ አታውቀውም፤ እኔ ግን አያለሁ።

ዐሥራ ስምንት ሲሞላት ቁልፉ ተመለሰላት። በመጀመሪያው ጠዋት ሐዲዱ ጋ አቁማ በሩን ስትከፍት ከኋላችን ያው ጥሩምባ ጮኸ፤ ልማድ መች ይለቃል። አርዴላ ሞተሩን አጠፋች፤ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ጋሽ ሮስኮ፣ እርስዎም ጸጥ!"

ልጆቹ ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ ወንበሬን ጨበጥኩ። ቆየት ብሎ የጭነት መኪናው ሞተር ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የረግረጉ እንቁራሪት ብቻ ነበር።