እኔም ደም እያየሁ ነበር

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መጋቢያችን «የሚመሰክር ይምጣ» ባሉ ቁጥር፣ ሦስት እሁድ ሙሉ ጫማዬን እያየሁ ነው ያሳለፍኩት። ዛሬ ግን ልመስክር መጣሁ። ክብር ለስሙ ይሁን! የማወራው ስለ ሽንት ነውና እናቶች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሌላ መንገድ የለኝም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም። እዚህ ሐይቅ ከተማ የመጣሁት ለምርምር ነበር። የሽንት ፊኛ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ለምን ዘግይተው ወደ ሕክምና እንደሚመጡ ነበር የማጠናው። ቅጽ አለኝ። ደም ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት፣ ለምን ቶሎ አልመጡም እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሳቸውን ሳይጨርሱ «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ያኔ ጌታን አላውቅም። እህቴ ዘነበች ስትጸልይ ስሰማ «እስቲ እኔንም ፕሮፌሰር እንዲያደርገኝ ለምኝልኝ» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ።

አንድ ቀን አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ ከውጫሌ በላይ ካለ ቀበሌ ከልጃቸው ጋር መጡ። የእኛ አገር ትልቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያወራ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ስለ አዝመራው፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ ወገቡ። ልጅቱ ውኃ ልትገዛ ስትወጣ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ካለፈው የዘር ወቅት ጀምሮ ደም እንደሚያዩ ነገሩኝ። ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም። እኔ ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል።

«ዓመት ሙሉ ደም እየሸኑ ዝም አሉ? እንዴት ያሉ ሰው ነዎት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ልጅቱም ውኃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አያ ይመር ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ወጡ። ለምርመራ በቀጠርኳቸው ቀን አልመጡም። እኔም መዝገቤ ላይ «ተሳታፊው ጠፍቷል» ብዬ ጽፌ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይሄን ስናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። በዚያን ቀን እኔ ራሴ ደም ማየት ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጠውን ሲጋራ አጨስ ስለነበር ነገሩ ምን ሊሆን እንደሚችል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን «ጠጠር ነው» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ዘነበች ልብሴን ልታጥብ ስትሰበስብ ደሙን አየችው። በሰው ዕቃ ምን አገባሽ ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣

«ሰውን የምትጠይቀውን እኔ ልጠይቅህ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ስትጠይቀኝ «አፍሬ» አልኳት። ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ያዘጋጀው ቅጽ ላይ «አፍሬ ነው» የሚል መልስ አልነበረም። እዚያው ተንበርክከን ኢየሱስን አዳኜ አድርጌ ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! በሳምንቱ አዲስ አበባ ያለ የትምህርት ጓደኛዬ መረመረኝ፤ ካንሰር ነበር። በቀዶ ሕክምና አወጣልኝና ይህን ያህል ዘግይቼ ሥር አለመስደዱ እንደገረመው ነገረኝ። እኔ የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙ ይባረክ! እስካሁን በየጊዜው እመረመራለሁ፤ ንጹሕ ነው።

ግን አያ ይመር እንቅልፍ ነሱኝ። እስከ ውጫሌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄጄ ቤታቸው ደረስኩ። በጣም ከስተዋል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በሰው ፊት እንዳዋረድኳቸው፣ ያን ቀን እኔም ደም እየሸናሁ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያኔ ብትነግረኝ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አብረን እንታከም ነበር።»

ይቅር ብለውኛል፤ «አላህም ይቅር ይበልህ» ብለው መርቀውኛል። ደሴ ወስጄ አስመረመርኳቸው፤ በሽታው ግን ጊዜ አግኝቷል፤ ሥር ሰዷል። ሐሙስ ደሴ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ልጃቸው ደም ትሰጣለች፣ እኔም የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እቆማለሁ። እባካችሁ ጸልዩላቸው።

ጌታ አድኖኛል፤ አመሰግነዋለሁ፤ ግን ሳመሰግነው አንገቴን ደፍቼ ነው። ከመካከላችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ በእርሱ ታመኑ፤ እኔን አልተጠየፈኝም። ከፕሮግራሙ በኋላ በጓሮ በር በኩል ብቻዬን እቆያለሁ። የፈለገ ይምጣ፤ በጆሮዬ ይንገረኝ።